የጠላ ቤቷ እናት ጉልበትም ይቆጠር

በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ከተደፋበት፣ እዚያ ጠላ መኖሩን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው የጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ ይህ ምልክት የማይታይበት ከተማ የለም ለማለት ይቻላል። መንገደኛው ጣሳውን አይቶ ይገባል፤ ጥሙን ይቆርጣል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ቀጠነ፣ ጎመዘዘ፣ ጉሽ ነው፣ ጥሩ ነው እያለም ይፈርዳል። ስለ ጠማቂዋ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እርሷ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ፣ እንዲሁም በአካባቢያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች አምስት ቀን ተዘዋውሬ ነበር። የተጓዝኩት በሕዝብ ማመላለሻ ሲሆን፣ በየከተማው ቁጭ ብዬ ወሬ የጠየቅሁትም በጠላ ቤቶች ውስጥ ነው። ከመነሣቴ በፊት «ሴት ልጅ ብቻዋን ጠላ ቤት ገብታ ምን ልትሠራ ነው?» ያሉኝ የሥራ ባልደረቦች አልጠፉም። ነገሩን ስናስተውለው ግን ጠላ ቤት የሴት ቤት ነው። ጠማቂዋ ሴት ናት፤ ቀጂዋ ሴት ናት፤ የቤቱ አስተዳዳሪም በአብዛኛው ሴት ናት። ወንዱ እንግዳ ነው። ታዲያ ሴት በሴት ቤት ብትገባ ምኑ ያስነውራል?

ጥያቄው በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። በለንደን የጋዜጠኞች ሠፈር በነበረው በፍሊት ጎዳና፣ አንድ የታወቀ የወይን ቤት ሴቶች እንደ ወንዶቹ ባንኮኒው ዘንድ ቆመው እንዲስተናገዱ አይፈቅድም ነበር። አንዲት ጋዜጠኛና አንዲት የሕግ ባለሙያ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደው፣ በ1982 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ወሬ ባለበት ቦታ ጋዜጠኛ መገኘት አለበት፤ በጎጃም መንገድ ደግሞ ወሬ ያለው በጠላ ቤትና በአውቶቡስ ውስጥ ነው።

በአውቶቡሱ ውስጥ

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የዓባይን በረሃ ወርደው፣ በደጀን ወጥተው፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፈው ይደርሱባታል። የጥንት ስሟ ወጀት ነበር። ፍኖተ ሰላም የተባለችው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚያ ባለፉበት ጊዜ ነው። ትርጉሙ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ለመንገደኛ ከተማ ከዚህ የበለጠ ስም አይገኝላትም።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በመኪና ሩቅ አይደለም። መንገዱን የሚያመላልሱት ሚኒባሶችና ሕዝቡ «ቅጥቅጥ» የሚላቸው መለስተኛ አውቶቡሶች ናቸው። ከመናኸሪያው ሲነሡ ወንበሩ ሞልቷል፤ ትንሽ እልፍ እንዳሉ ደግሞ መተላለፊያው ይሞላል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እናንተም ቆማችሁ ታውቃላችሁ» እያለ ሰዉን ያጠጋጋል። ጣራው ላይ በርበሬ በማዳበሪያ፣ በቆሎ በጆንያ፣ ዶሮ በቅርጫት ይጫናል። ወንበር ሥር የሚገባው ጭነት ግን የበለጠ ዓይኔን ሳበው። የጌሾ እስር፣ የብቅል ስልቻ፣ አፉ በላስቲክ የታሰረ ቢጫ ጀሪካን ነው። የእነዚህ ሁሉ ባለቤቶች ሴቶች ነበሩ።

ከጎኔ የተቀመጡት ወይዘሮ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ጀሪካናቸውን በሁለት እግራቸው መካከል ይዘው፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር በእጃቸው ይደግፉታል። «እታለም፣ እግርሽን እንዳይጫንሽ» አሉኝ። ከዚያ ጨዋታ ጀመርን። ከገጠር አረቄ አውጥተው ቡሬ ላለች አንዲት ደንበኛቸው ያስረክባሉ። ሲመለሱ ጨው፣ ዘይትና ደብተር ይገዛሉ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሥራቸው ይኸው ነው።

«ለጀሪካኑም ያስከፍላሉ?» አልኳቸው።

«ምን እነሱ! ለእኔም ለእሱም ያስከፍላሉ እንጂ። እሱም እንደ ሰው ይቆጠራል» ብለው ሳቁ።

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ። ለጀሪካኑ ማጓጓዣ ይከፈላል። ጀሪካኑን የሞላው ጉልበት ግን በማንም መዝገብ አይሰፍርም።

የአንድ ጋን ታሪክ

በፍኖተ ሰላም የገባሁበት የመጀመሪያው ጠላ ቤት ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ወለሉ በእበት ተለቅልቋል፤ ዙሪያውን መደብ ተሠርቶበታል። የገበያ ቀን ስለ ነበር ቤቱ ሙሉ ነው። እህላቸውን የሸጡ ገበሬዎች በመደቡ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ በሬውን ስንት እንደሸጠ ያወራል። ሌላው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የተጣላበትን ጉዳይ ለሽማግሌዎች እያስረዳ ነው። አንድ ወጣት የገዛውን ማረሻ በጥግ አስቀምጦ «ማታ እወስደዋለሁ» ብሎ ሄደ። ቤቱ መጠጥ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ዕቃ ማስቀመጫ፣ የሽምግልና አደባባይና ዜና ማሰራጫም ነበር። እንግሊዞች መጠጥ ቤታቸውን «የሕዝብ ቤት» ብለው መጥራታቸው ትዝ አለኝና፣ ስሙ ለዚህም ቤት ይገባል አልኩ በልቤ።

የቤቱ እመቤት ሦስት ልጆች ያሏት ወጣት እናት ናት። እንግዶቹ ጋብ ሲሉላት አጠገቤ ተቀመጠችና የሥራዋን ነገር ደረጃ በደረጃ አጫወተችኝ። በከተማ የምንኖር እናቶች ጠላን በጀሪካን አዝዘን የምንገዛ ስለሆንን፣ ሥራውን የረሳነው ወይም ጭራሹን ያላየነው እንኖራለን። ስለዚህ ባጭሩ ላስፍረው።

ገብሱ ተለቅሞ ይነከራል፤ ተሸፋፍኖ እስኪበቅል ይጠበቃል፤ ይደርቃል፤ ይፈጫል። ብቅል ለብቻው የብዙ ቀን ሥራ ነው። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል። ሁለት ሦስት ቀን ካደረ በኋላ ብቅሉና ተቆራርሶ የተዘጋጀው ቂጣ ይጨመርበታል። ከዚያም እንኩሮው ይከተላል። በጎጃም ዳጉሳውም በቆሎውም ለዚህ ይውላል። ዱቄቱ በውኃ እየታሸ በምጣድ ላይ ይታመሳል። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ማማሰያው ክንድ ይሰብራል። እንኩሮው ሲገባ ድፍድፍ ይሆናል። ቆይቶ ውኃ ይሞላበትና አፉ ይከደናል። ከመጀመሪያው ጥንስስ እስከ መቅጃው ድረስ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ጠላው አልቆ በአተላው ላይ ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ ቅራሪ ይወጣል። አተላው ለከብት ይሰጣል። ምንም የሚጣል ነገር የለም።

«እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላው» አልኳት። በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። እህሉ ይህን ያህል፣ ጌሾው ይህን ያህል፣ ወፍጮው፣ ማገዶው፣ በጀሪካን የሚገዛው ውኃ፣ የቤቱ ኪራይ። የሽያጩን ገንዘብ ከዚህ ስትቀንስ የተረፈው ለልጆቿ ደብተርና ለዕለት ጉርስ የሚሆን ነው።

«የአንቺስ ጉልበት? አሥር ቀን የደከምሽበት?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እሱማ ጉልበት ነው። ምኑ ይቆጠራል?» አለችኝ።

ከአምስት ቀን ጉዞዬ ውስጥ ከዚህ መልስ የበለጠ ያሳሰበኝ ነገር የለም። ይህች ሴት ሒሳብ የማታውቅ አይደለችም። የጌሾውን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ታውቃለች። ለማን ዱቤ እንደሰጠች፣ ማን እንደከፈለና ማን እንደዘገየ ያለ ወረቀት በቃሏ ትዘረዝራለች። ከሒሳቡ ውጪ ያደረገችው ራሷን ብቻ ነው። ይህንንም ያስተማራት አስተዳደጓ ነው። ሴት በቤቷ የምትሠራው ሥራ ሥራ ሳይሆን ግዴታ ነው እየተባለ ያደገች ልጅ፣ ያው ሥራ ለገበያ ሲወጣም ዋጋ አትሰጠውም።

ማንኩሳና ቡሬ

በማግስቱ ማንኩሳ ወረድኩ። አንባቢዎቼ ይህችን ከተማ ሳያዩዋት ያውቋታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ትረካውን የሚጀምረው ከማንኩሳ ነው። በአንድ ጠላ ቤት ይህን ሳነሣ፣ አንድ ሽማግሌ «እኛማ የበዛብህ አገር ሰዎች ነን» ብለው በኩራት ነገሩኝ። የቀዳችላቸው ልጅ ግን መጽሐፉን እንዳላነበበችው ነገረችኝ። ዕድሜዋ አሥራ ሦስት ቢሆን ነው። እናቷ ድፍድፍ በምትደፈድፍበት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። «በወር ስንት ቀን ትቀሪያለሽ?» ስላት፣ እናቷን አየት አድርጋ ዝም አለች።

ቡሬ ከዚያ ትልቅ ከተማ ናት። ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው ከእርሷ ስለሆነ፣ መኪናው ይበዛል፤ ሰዉም ይበዛል። የአካባቢው በርበሬና በቆሎ ገበያዋን ያደምቀዋል። የጠላ ቤቱም ቁጥር እንዲሁ ነው። እኔ ግን በቡሬ የበለጠ የቆየሁት በአረቄ ቤቶች ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ነገር ሌላው ገጽ የሚታየው እዚያ ነው።

አረቄ ከጠላ ብዙ እጥፍ ይበረታል። ድፍድፉ በእሳት ላይ ተጥዶ፣ እንፋሎቱ በመቃ እያለፈ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ይንጠባጠባል። አውጪዋ ከእሳቱ አትለይም። እሳቱ ከበዛ ያርርባታል፤ ከቀነሰ አይወጣላትም። ስለዚህ ጧት የተቀመጠች እስከ ማታ ጭስ ውስጥ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ቤት ውስጥ በሚፈጠር የማብሰያ ጭስ ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። በጭሱ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት በምድጃው አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና በጀርባቸው ያሉት ሕፃናት ናቸው።

ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በቡሬ አረቄ ቤት መለኪያ የጨበጡ ወንዶች አይቻለሁ። ከእነርሱ አንዱ የቀን ሠራተኛ ነው። የትናንት ደሞዙን ይዞ የመጣ ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ ሕፃን ያዘለች ሴት በሩ ላይ ቆመች። ድምፅ አላሰማችም። እርሱ አያት፤ እርሷም አየችው። የቤቱ እመቤት ተነሥታ መለኪያውን ከፊቱ አነሣችና «በቃህ፤ ሂድ» አለችው። ሰውዬው ወጣ።

እመቤቲቱ ተመልሳ ተቀመጠችና «እኔም ልጆች አሉኝ» አለችኝ። «የእኔ ልጆች እንዲበሉ የእርሷ ልጆች ጦማቸውን ሲያድሩ አያለሁ። ምን ላድርግ? ሌላ ሥራ አሳዩኝና ይህን ማሰሮ ዛሬውኑ ልስበረው።»

ይህን ቃሏን ከነሕመሙ ነው ያመጣሁላችሁ። አንዱን ቤት የሚያቆመው መለኪያ ሌላውን ቤት ያፈርሳል። ስለ ጠማቂ እናቶች ጉልበት ስንጽፍ ይህን ሸፍነን ብናልፍ፣ በሩ ላይ የቆመችውን እናት መበደል ይሆንብናል። እንዲሁም ጥፋቱን ሁሉ በማሰሮዋ ባለቤት ላይ ብንጭን ፍርዱ ጐደሎ ይሆናል።

በገጠሩ

ከቡሬ ወጣ ብዬ በእግር በሄድኩበት ገጠር ጠላ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ደቦ የወጣ ገበሬ ጠላ ይቀርብለታል፤ ማኅበር፣ ዝክርና ሠርግ ያለ ጠላ አይሆንም። ወሩ ጥር ስለ ነበር በየመንደሩ ዳስ ተጥሎ አይቻለሁ። ጐረቤት ሴቶች ብቅሉን ተካፍለው ይፈጩ ነበር፤ አንዷ ስትደፈድፍ ሌላዋ ልጅ ትይዝላታለች። የዛሬው ድካም በነገው ይመለሳል፤ ማን ለማን እንደሠራ ይታወቃል። በከተማው ጠላ ቤት የጠፋው ይህ ነው። በዚያ እያንዳንዷ ጠማቂ ብቻዋን እህል ትገዛለች፣ ብቻዋን ትጠምቃለች፣ ብቻዋን ትከስራለች።

የከሰረች ጊዜ ደግሞ የሚደርስላት የለም። ጠላ እንደ እህል በጎተራ ተቀምጦ ገዢ አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈ ይኮመጥጣል። ገዢዋም የአውቶቡስ መንገደኛውና ገበያተኛው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት መንገዱ በተዘጋና ገበያው በተበተነ ቁጥር፣ በጋን የቀረው ጠላ የስንቷን ቤት እንደጎዳ መገመት አያዳግትም። መኪና ሲቆም የሚቆመው ጉዞ ብቻ አይደለም፤ የልጆች እራትም አብሮ ይቆማል።

ከሌላው አገር ምን እንማራለን?

በሰሜን እንግሊዝ እንደ ሃሊፋክስና ሃደርስፊልድ ያሉ የቀድሞ የሱፍ ፋብሪካ ከተሞች አሉ። በእነዚህ ከተሞች የቆዩ መጠጥ ቤቶችን በአውቶቡስና በባቡር እየተዘዋወሩ መጎብኘት የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። የመጠጥ ቤቶቹ ጥንታዊ ታሪክ ግን ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር ጠማቂዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። በቤታቸው ጠምቀው ለቤተሰብ ካዋሉት የተረፈውን ለጎረቤት ይሸጡ ነበር። መጠጡ መድረሱን ለማስታወቅም በደጃፋቸው ላይ እንጨት ያቆሙ ነበር። ከፍኖተ ሰላሙ እንጨት የሚለየው ጣሳው ብቻ ነው።

ኋላ ከባሕር ማዶ የቢራ ጌሾ ገባ። በእርሱ የተጠመቀው ቢራ ሳይበላሽ ብዙ ይቆያል፤ ርቆም ይጓዛል። ስለዚህ በብዛት መጥመቅ ትርፍ አመጣ። በብዛት ለመጥመቅ ደግሞ ትልልቅ ጋን፣ ብዙ ገንዘብ፣ ብድርና ማኅበር አስፈለገ። ሴቶቹ ብድር የሚያገኙበት መንገድ ጠባብ ነበር፤ ባል ያላት ሴት በስሟ ንብረት መያዝ እንኳ አይፈቀድላትም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1600 ሲደርስ፣ በትልልቆቹ ከተሞች ጠመቃ የወንዶች ንግድ ሆነ። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በ1971 ባህላዊው የእንግሊዝ ቢራ እንዳይጠፋ የሚታገል የጠጪዎች ማኅበር ተቋቋመ። መጠጡን ያዳነው አልጠፋም። ጠማቂዎቹን እናቶች ግን ወደ ቦታቸው የመለሳቸው የለም።

በእኛ አገር የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ። ዛሬ የቢራ ሣጥን የጫነ መኪና የማይደርስበት ከተማ የለም። እኔ ፋብሪካ አይስፋፋ አልልም፤ ሰው ብዙ ይጠጣም አልልም። የምለው፣ እነዚህ እናቶች ከሥራቸው ሲገፉ ዝም ብለን እንዳናይ፣ በሥራቸው እስካሉ ድረስም ሸክማቸውን እንድናቀልላቸው ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማገዶ ቆጣቢና ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለጠማቂና ለአረቄ አውጪ እናቶች በረጅም ጊዜ ክፍያ ይዳረስ። ለእንጀራ የታሰበው ያህል ለእንኩሮውና ለማሰሮውም ይታሰብ።

ሁለተኛ፣ በቁጠባና በብድር ማኅበር ይደራጁ። እህሉን በመከር ወቅት፣ ዋጋው ረከስ ሲል፣ በኅብረት ቢገዙ ትርፋቸው ከነጋዴ እጅ ይወጣ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጆቹ ከጋኑ አጠገብ ይነሡ። እኔ በተዘዋወርኩበት በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለመጠጣት ያልደረሰች ልጅ ለመቅዳት ደረሰች ማለት አይቻልም።

አራተኛ፣ አረቄ በማውጣት የሚተዳደሩ እናቶች ወደ ሌላ ሥራ የሚሸጋገሩበት መንገድ ይፈለግ። ማሰሮውን መስበር ቀላል ነው፤ በማግስቱ ልጆቹ የሚበሉትን ማሰናዳት ግን ዕቅድ ይጠይቃል።

በመጨረሻም የከተማ እናቶችና ሠራተኞች ሆይ፣ ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል። ለልደት፣ ለማኅበርና ለሠርግ ጠላ በጀሪካን እናዛለን። ዋጋ ስንከራከር የእህሉን መወደድ አንሰማም፤ የአሥር ቀን ድካሟን ጭራሹን አናነሣውም። በየቤታችንም በደሞዝ የማይከፈለውን የራሳችንን ሥራ ሌላው ቀርቶ እኛው ራሳችን «ምን ሠራሁና!» እያልን እናልፈዋለን። ሴት ልጆቻችን ይህን እየሰሙ ያድጋሉ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሒሳብ ስናሰላ አንድ መስመር እንጨምር። ከእህሉ፣ ከማገዶውና ከውኃው ቀጥሎ ጉልበት የሚል ይጻፍበት፤ ዋጋውም ከጎኑ ይስፈር።